ለበያይነቱ ምስጋና

ሥጋ የማይበላ ሰው በብዙ አገር ምግብ ቤት ሲገባ ጥያቄ ያበዛል። እኛ ዘንድ ግን «የጾም አለ?» ማለት ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናትም፣ ከሆቴል እስከ ሰፈር ምግብ ቤት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አለ» ነው።

ከዚያ በያይነቱ ይመጣል፦ መሃሉ ላይ ትኩስ ሽሮ፣ ዙሪያውን ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶልያ። አዚፋ ከታከለበትማ ሰናፍጩ አፍንጫን ሰርስሮ ይገባል። ሥጋም ቅቤም እንቁላልም የለበትም፤ ግን ምንም አልጎደለውም። ጣዕሙ ቀስ ብሎ ከተቁላላ ሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከዘይት ይወጣል። ጉድለትን የሚሸፍን ቅቤ ስለሌለ የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

እኔ በፍስኩም ሥጋ አልበላም። ይህ ትሪ ባይኖር ጓደኞቼ ሲጎራረሱ ሰላጣዬን ይዤ ለብቻዬ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን ከአንድ እንጀራ እንቆርሳለን። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም የእኛን አገር ምግብ ቤት የሚመርጡ ሥጋ የማይበሉ እንግዶች የዚህን ትሪ ጥቅም ያውቃሉ። ጾምን በባዶ ሳይሆን በሙያ ላቆዩልን እናቶች እጃቸው ይባረክ።