ልጅ ያለ ጋብቻ ሲወርስ፦ በጋብቻ ብያኔ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመው የብሪታንያ አንትሮፖሎጂስቶች የመስክ ጥናት መመሪያ ጋብቻን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጥምረት ይለዋል፤ ሴቲቱ የምትወልዳቸውም የሁለቱም ሕጋዊ ልጆች ተብለው ይታወቃሉ። በዚያው ዓመት አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ዝምድናና ጋብቻ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። መመሪያው የዘጋውን በር መጽሐፉ ከፈተው።

በደቡብ ሱዳንና በእኛው ጋምቤላ በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ ልጅ የማን እንደሆነ የሚወስነው ከብት ነው። ሳያገባ የሞተ ሰው ካለ፣ ወንድሙ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱ በሟቹ ስም ከብት ነድቶ ሚስት ያገባለታል። አብሯት የሚኖረው ዘመድየው ቢሆንም የሚወለዱት የሟቹ ልጆች ናቸው፤ የሚጠሩትም በእሱ ስም ነው። መካን ሴትም ከብት ካፈራች እንደ ወንድ ጥሎሽ ጥላ ሚስት ታገባለች። ለሚስቲቱ ልጅ የሚያስወልድ ወንድ ይፈለጋል፤ ልጆቹ ግን አባት የሚሉት ያገባችውን ሴት ነው። ሴቶቹ ልጆች ሲዳሩም የአባትን ድርሻ ቆጥራ የምትረከበው እሷ ናት፤ ያስወለደው ሰው አንዲት ላም ቢደርሰው ነው። እዚህ ላይ የመመሪያው «አንድ ወንድና አንዲት ሴት» ፈረሰ፤ «ሕጋዊ ልጅ» የሚለው ግን ጭራሹን ጠነከረ።

አንትሮፖሎጂስቷ ካትሊን ጎፍ የተነሣችው ከዚህ ነጥብ ነው። የመረመረችው በደቡብ ሕንድ ኬረላ የነበሩትን፣ ዘራቸውን በእናት የሚቆጥሩትን ናያሮች ሲሆን፣ የገለጸችውም እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የቆየውን ሥርዓት ነው። ልጃገረድ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ከተመረጠ ቤት የመጣ ወንድ ታሊ የተባለውን የወርቅ ጌጥ አንገቷ ላይ ያስርላታል። ከሥርዓቱ በኋላ አብሯት የመኖር ግዴታ የለበትም። እሷ በእናቷ ቤት ሆና ማታ መጥተው ጠዋት የሚሄዱ ባሎችን ታስተናግዳለች። ስትወልድ፣ ማዕረጉ የሚመጥን አንድ ወንድ ወይም ከዚያ በላይ ለአዋላጇ ጨርቅና አትክልት በመስጠት አባትነቱን ማመን አለበት። የሚያምን ከጠፋ ከዝቅተኛ መደብ ሰው እንደ ወለደች ይቆጠርባታል፤ ቅጣቱም ከዘመድ መባረር ወይም ሞት ነበር።

ኤድመንድ ሊች በ1955 ጋብቻ የመብቶች ስብስብ ነው፣ በሁሉም ማኅበረሰብ የሚገኝ አንድ የጋራ መብት ግን የለም ሲል ተከራከረ፤ ለናያሮችም ጥብቅ ትርጉም ያለው ጋብቻ አልነበራቸውም አለ። ጎፍ በ1959 መለሰችለት። በእሷ ብያኔ ጋብቻ በአንዲት ሴትና በአንድ ወይም ከአንድ በላይ በሆኑ ሌሎች ሰዎች መካከል የሚመሠረት ግንኙነት ነው፤ ፍሬ ነገሩም ለሚወለደው ልጅ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሙሉ የልደት መብት ማስገኘቱ ነው። ኑዌሮችም ናያሮችም በብያኔው ውስጥ ገቡ።

የጎጃም ገበሬ ግን አይገባም። አለን ሆበን በዳሞት ካደረገው ጥናት በኋላ በ1973 እንዳሳተመው፣ ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነበር፤ መወለዱም በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። ዋናው ጉዳይ ልጅነቱ መታወቁ ነበር። ወላጆቹ በሰማንያ ውል ቢጋቡ፣ በደሞዝ ውል ቢኖሩ ወይም ጨርሶ ባይጋቡ የርስት ጥያቄው አይቀርበትም ነበር። የልደት መብቱን የሰጠው ትውልዱ እንጂ ጋብቻው አይደለም። የጎፍን ብያኔ ቃል በቃል ከወሰድን፣ በሽማግሌ ፊት የታሰረው ሰማንያ ጋብቻ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ሰማንያ ምን ይሠራል? በሰማንያ ድርድር ሽማግሌዎች የሚነጋገሩት የወንዱ ወገን ስንት በሬ፣ የሴቷ ወገን ስንት ላም ይዞ እንደሚመጣ ነው። መዋጮው እንዲመጣጠን ይደክማሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ ምስክር ያስቀምጣሉ። ፍቺ ቢመጣ እያንዳንዱ ያመጣውን ይይዛል፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ውሉ የጎጆ ውል ነው። በሌላ በኩል ማን ማንን እንደማያገባ የሚወስነው ዝምድና ነው፦ ሰባት ቤት በሁለቱም ወገን ይቆጠራል፣ አበልጅም ይከለከላል። ዝምድና ጋብቻን አጥብቆ ይገዛል፤ ልጁን ከዘመዶቹ ለማገናኘት ግን ጋብቻ አያስፈልግም።

ማክስ ግላክማን በ1950 ዙሉንና ሎዚን አነጻጽሮ ለዚህ ዓይነቱ ልዩነት ምክንያት አቅርቦ ነበር። ልጅ የአባት ወገን ብቻ በሆነበት በዙሉ ጥሎሹ ከባድ፣ ፍቺው ብርቅ ነው፤ ልጅ በሁለቱም ወገን መብት ባለው በሎዚ ዘንድ ጥሎሹ ቀላል፣ ፍቺው ብዙ ነው። ጽሑፉ የወጣበት የአፍሪካ የዝምድናና የጋብቻ ሥርዓቶች መድበል የኢትዮጵያን ደጋ አልነካም እንጂ፣ ሰማንያ ለሎዚ ጎን ጥሩ ምስክር በሆነ ነበር። የቁርባን ጋብቻ ግን ይኼን ሐሳብ ይፈትነዋል። በዚያው ማኅበረሰብ፣ በዚያው የርስት ሥርዓት ውስጥ የማይፈታ ጋብቻ አለ፤ ካህን የግድ ይገባበታል፣ ብዙው ምእመን ደግሞ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ይቆርባል። ጽናቱ የመጣው ከዘር ቆጠራው ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የጋብቻን ጽናት ከዘር አቆጣጠር ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ ጋብቻው እንዲጸና የሚፈልገው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል።

የሊች የመብት ዝርዝር ከጎፍ ብያኔ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመንም በዚህ ነው። ጎፍ ስለ ልጁ ስትጠይቅ፣ ሴቲቱ ለራሷ ምን ታገኛለች የሚለው ጥያቄ ከብያኔው ወጥቶ ቀረ። ከአንድ ሰው የወለዱ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በሰማንያ ሌላዋ በደሞዝ፣ ልጆቻቸው በርስት እኩል ነበሩ፤ እናቶቹ ግን እኩል አልነበሩም። የሰማንያዋ ሚስት ሀብት ትካፈል ነበር፤ የደሞዟ የተዋዋለችውን እህል ወይም ገንዘብ ተቀብላ ትወጣ ነበር። የልጅን መብት ብቻ የሚመለከት ተመራማሪ ይህን ልዩነት አያየውም።

የሕግ አውጪው ዓይን ግን አልሳተውም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ከማወቁም በላይ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራቸው እንዲሆን ደንግጓል። ግንኙነቱን ጋብቻ ብሎ አልሰየመውም፤ ከጋብቻ መብቶች አንዱን ነጥሎ ሰጠው እንጂ። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ላይ የሚሠራ ጥናትም ጋብቻ ነው አይደለም በሚለው ክርክር ከሚደክም፣ የልጁን፣ የሚስቲቱንና የንብረቱን መብት ለየብቻ መዝኖ እያንዳንዱን ማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚነፍግ ቢመረምር የተሻለ ፍሬ ያፈራል።