ደካማው ማሽን የሚመሰክረው

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉ አበው። አባባሉ ለኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎችም ይሠራል።

እኔ በምኖርባት በስቶክሆልም፣ ማርኩስ ፔርሶን የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ማይንክራፍትን ለሕዝብ አቀረበ። ጨዋታው በኩቦች የተሠራ በመሆኑ «ይህማ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ኩብ የሚቆፈርና የሚቀየር ስለሆነ ማሽኑ ዓለሙን ዘወትር እያሰላ መሳል አለበት። በዚያ ላይ የተጻፈበት የጃቫ ቋንቋ ያገለገለውን ሜሞሪ በየጊዜው ያጸዳል፤ ሜሞሪው ሲጠብ ጽዳቱ ይደጋገማል፤ ጨዋታውም ይንገጫገጫል።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ይለካል? የተለመደው መለኪያ «በሰከንድ ስንት ምስል?» የሚል አማካይ ቁጥር ነው። በእኔ እምነት ይህ ቁጥር ይሸነግላል። አንድ ማሽን 58 ምስሎችን እያንዳንዳቸውን በ10 ሚሊሰከንድ ስሎ፣ 59ኛው ላይ ለ420 ሚሊሰከንድ ቢገተር፣ አማካዩ በሰከንድ 59 ነው፤ ሪፖርቱም «እጅግ ጥሩ» ይላል። ተጫዋቹ ግን ግማሽ ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። እንግዲህ መመዝገብ ያለባቸው የዘገዩት ምስሎች ናቸው። ስልክ ሲሆን ደግሞ ፈተናው በ5 ደቂቃ ማብቃት የለበትም፤ ስልክ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳልና።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የስልኩ ማይንክራፍት የመሣሪያውን አቅም አውቆ ዓለሙን በ256 በ256 ኩብ አጠረው፤ አጥሩ የተነሣው በ2014 ነው። አንዳንዶች «የተጎመደ ጨዋታ» ብለውት ይሆናል። እኔ ግን ጥሩ ምህንድስና ነው እላለሁ፤ የማይችለውን ተስፋ ከመስጠት የሚችለውን በትክክል መሥራት ይሻላል።

እኛስ? አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን በመሥራት የአገር ጨዋታ እንደሚቻል አሳይቷል። በውጭ ተቀምጠን ለወገን አፕ የምንሠራው ግን ብዙውን ጊዜ የምንፈትነው ኪሳችን ውስጥ ባለው አዲስ ስልክና በማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው። አፑ ርካሽ ስልክ ላይ ሲንቀው ባለቤቱ አቤቱታ አይጽፍልንም፤ «ስልኬ አሮጌ ነው» ብሎ ራሱን ወቅሶ ያጠፋዋል። እኛም ከቁጥራችን ውስጥ ስለጠፋ ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ያገለገለ፣ ማከማቻው የሞላ ስልክ ግዙና ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት። አገር ቤት ያለው ተጠቃሚ የሚያገኘው ያንን ነው።

ቸር ይግጠመን።