ቀኑን ወይስ ጥያቄውን?

የሠራተኛ ትግል መታሰቢያ የሚመዘነው በሰልፉ ርዝመት ወይም በንግግሩ ድምቀት ሳይሆን፣ የተነሣውን ጥያቄ ለተተኪው ትውልድ በማስተላለፉ ነው። በዚህ ሚዛን የጎረቤታችንን የሱዳንን ልምድ እንመርምር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1985 የኒሜሪ መንግሥት በሕዝባዊ አመፅና በአጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ወደቀ። በ2019 ሰልፈኞች ያንኑ ዕለት መርጠው ካርቱም ወደሚገኘው የጦር ኃይል ጠቅላይ መምሪያ ተመሙ፤ በአምስተኛው ቀን አል በሽር ከሥልጣን ተወገደ። መታሰቢያ ሥራ ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይሁን እንጂ መታሰቢያ ያዳላል። የዚህ አመፅ መነሻ ተብሎ የሚወሳው ዲሴምበር 19 ቀን 2018፣ የዳቦ ዋጋ መናር ያስቆጣው የአትባራ ሕዝብ የወጣበት ዕለት ነው። አትባራ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ናት፤ የማኅበራቸው ታሪክ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ተመዝግቧል። በማግስቱ ገዳሪፍ ተነሣች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋባት። ዲሴምበር 20 ግን በአትባራ ቀን ጥላ ሥር ቀርቷል።

ከከተማዋም ይበልጥ የተዘነጋው የእርሻዋ ወዛደር ነው። በገዳሪፍ ሰፋፊ የትራክተር እርሻዎች ማሽላና ሰሊጥ ለማንሣት ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ሲሻገሩ ኖረዋል። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት አጫጁ የመደራደር ኃይል አለው። ነገር ግን አጨዳው ሲያበቃ ይበተናል፤ ስለ ዋጋ ያደረገው ክርክር ማኅበርም፣ መዝገብም፣ መታሰቢያ ቀንም አያገኝም።

ለመሆኑ ማኅበር ብቻውን ከመረሳት ያድናልን? ወደ ራሳችን እንመልከት። የካቲት 11 ሲባል ብዙዎች የሚያስታውሱት በ1967 ዓ.ም. የተጀመረውን የሕወሓትን ትግል ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ማኅበር የነበራቸው መምህራን ደመወዝ እንዲሻሻልና «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ እንዲቀር ሥራ አቁመው ነበር። ዕቅዱም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ይህን የሚያወሳ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ ዕለታትን ስናስተምር ቁጥር በማስጠናት አንወሰን። ማን ጠየቀ? ምን ጠየቀ? ምን አገኘ? ብለን ተማሪዎቻችንን እናወያይ። ከገዳሪፍ አጨዳ የተመለሰ አባት ወይም ወንድም ያለው ተማሪ ቢኖር፣ የቀን ዋጋው እንዴት ይቆረጥ እንደነበር ጠይቆ ይጻፍልን፤ ያልተመዘገበው ታሪክ መመዝገብ የሚጀምረው ከዚያ ነው።