ሌባው ከተያዘ በኋላ

በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ልጅ፣ በሲቪክስ ተመርቃ በሙያዋ ሥራ አጥታ ወደ ጥበቃ የመጣች፣ ለጥበቃዎች በምሰጠው ሥልጠና መሐል እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ሌባ ስንይዝ ፖሊስ እስኪመጣ የት ነው የምናስቀምጠው?» አለችኝ። ነባሮቹ ተያዩ። ያቺን ክፍል ሁሉም ያውቋታል። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ፣ በተመደብኩባቸው ሱፐርማርኬቶችና ሕንጻዎች ብዙዎቹ ውስጥ አለች፤ መጋዘኑ አጠገብ፣ የለስላሳ ሳጥን የተደረደረባት፣ መስኮት የሌላት፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ያለባት።

«የትም አታስቀምጪውም። እዚያው በያዝሽው ቦታ፣ ሰው እያየው ይቁም» አልኳት። መልሱ አጭር ስለሆነባት ይሁን ስላላሳመናት አላውቅም፣ ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

በጥበቃ ሥራ ስለ ሰብዓዊ መብት ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ጠመንጃና ዱላ ይሄዳል። ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ጥበቃ ግን ዕድሜውን በሙሉ ጥይት ሳይተኩስ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሌባ ሳይዝ ግን አንድ ዓመትም አያልፈው። የእኛ ሙያ የሚለካው «ተያዘ» ከተባለበት ደቂቃ አንስቶ ፖሊስ በሩ ላይ እስኪቆም ባለችው ጊዜ ነው። ሰውዬው የሚሰደበው፣ የሚመታው፣ «ፈርም» የሚባለው በዚያች ጊዜ ነው።

ሕጉ ለእኛ የሰጠን ጥቂት ነው። የተማርንበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 50፣ ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ግለሰብ ያለ ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል ይላል። በአንቀጽ 58 ደግሞ የያዘው ሰው ፖሊስ ካልሆነ ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ያስረክብ ይላል። በቃ። ይህን ሥልጣን ሊስትሮውም የታክሲ ረዳቱም አላቸው፤ ዩኒፎርማችን ከዚህ በላይ አንዲት ነገር አልጨመረልንም። የተያዘን ሰው ሰውነት መፈተሽ የፖሊስ ሥራ ነው፣ እሱም በተመሳሳይ ጾታ። አስገድዶ ማሳመንን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ለፖሊስም ከልክሏል። ፎቶ አንስቶ «ሌባ» ብሎ ካሸሩ ጀርባ መለጠፍስ? አንቀጽ 24 ስለ ክብርና መልካም ስም የሚናገረው ለማን ሆነና? ያለ ሕግ ሰው ዘግቶ ማቆየት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የክፍሏን በር የሚቆልፍ ጥበቃ፣ በዚያች ደቂቃ ከሌባው የባሰ ክስ ሊቀርብበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ባግዳድ ኒሱር አደባባይ ላይ ብላክዋተር የተባለው የአሜሪካ የግል ጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ዓለም ነቃ። በ2008 መንግሥታት ስለ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የተስማሙበት የሞንትሮ ሰነድ፣ በ2010 ደግሞ ጄኔቫ ላይ የግል ጥበቃ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «ያ ለኢራቅ ነው፣ ለእኛ ሱፐርማርኬት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ደንቡ ስለ ተያዘ ሰው የሚለውን አንብቡት፤ ጥበቃው ሰው የሚይዘው ጥቃት ወይም ወንጀል ሲፈጸም ነው፣ ይዞም በቶሎ ለሚመለከተው አካል ያስረክባል ነው የሚለው። የእኛው ሕግ ይህን የተናገረው ከደንቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። የጎደለን ደንብ አይደለም።

ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው? በአንድ ሱፐርማርኬት፣ ስሙን ልተወውና፣ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስዞር አንድ ወጣት ያቺ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁ። ጉልበቱ ላይ ሻምፖ ይዟል። ከሌላ ሱቅ የገዛው ነው፤ ደረሰኙ ተጣጥፎ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ግን እጁን ወደ ኪሱ በሰደደ ቁጥር «እጅህን አውጣ!» እየተባለ ማሳየት አልቻለም። የዋጋውን እጥፍ ካልከፈልክ አትወጣም ተብሏል። ጥበቃውን አውቀዋለሁ፤ የረጋ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነው። ወደ ውጭ ጠርቼ «ምን ሆነሃል?» ስለው «ባለፈው ወር የጠፋው ከእኔ ደመወዝ ነው የተቆረጠው» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ደንበኛው ከጥበቃ ድርጅቱ ጋር ሲዋዋል «ለጠፋ ንብረት ድርጅቱ ይጠየቃል» ይላል። ድርጅቱ ያንን ሸክም ወደ ጥበቃው ያወርደዋል፤ የቅጥር ቀን ከተያዥ ወረቀቱ ጋር «ከደመወዜ ቢቆረጥ ተስማምቻለሁ» የምትል ወረቀት ያስፈርመዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ደመወዝ አይቆረጥም፣ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም ይላል። የጽሑፍ ፈቃዱን ግን ሥራ የጨነቀው ሰው በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። ለግል ዘርፍ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ አንድ ሦስተኛው የቤት ኪራዩ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ስለ ሰው ልጅ ክብር በፕሮጀክተር አስተምሩት። ሻምፖ ይዞ የሚወጣው ሰው የልጆቹን እንጀራ ይዞ እንደሚወጣ ሆኖ ነው የሚታየው። በዚህ ዓይን የተያዘ ሰው አይከበርም፤ ሊከበርም አይችልም። የተያዘን ሰው መብት የሚወስነው የሥልጠና አዳራሹ ሳይሆን ውሉ ላይ ያለችው የንብረት አንቀጽ ናት። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል፣ የማከብረው ሰው፣ «ፍርሃት ከሌለ ጥበቃ የለም» ይላል። ማስረጃው የ2006 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ነው። በመስከረም 11 ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ተጠቅቶ 67 ሰዎች ሞቱ፤ በጥቅምት 3 የኢትዮጵያና የናይጄሪያ ጨዋታ ዕለት እዚሁ ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊያፈነዱት ያዘጋጁት ቦምብ በራሳቸው ላይ ፈነዳ። እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ በራችን ላይ ፍተሻ መጥበቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የቦምብ ፍተሻ ሰውን ሳይለይ ለሁሉም እኩል የሚደረግ፣ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ፣ «ይቅርታ» ተብሎ የሚጀመር ነው። ወዳጄ ያንን ከሻምፖው ጋር ይቀላቅለዋል። ሲቀላቀል ደግሞ የቦሌ ሚካኤል ሱማሌ ወንድማችን ሦስት ጊዜ ይፈተሻል፣ ከኋላው ያለው ባለ ሱፍ ሰላምታ ተሰጥቶት ያልፋል።

«ፖሊስ ይዘገያል» የሚለውን አቤቱታ ግን እቀበላለሁ፣ ይዘገያል። ስለዚህ ሰውዬው ሰው በሚያይበት ይቁም ወይም ይቀመጥ፤ ዕቃውን ራሱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ሴት ከሆነች ሴት ጥበቃ አጠገቧ ትሁን፤ የተያዘበት ሰዓትና ፖሊስ የተጠራበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ለቤተሰቡ ይደወልለት። ባለቤቱ ክስ ካልፈለገ ወዲያው ይሂድ። ብዙ ባለሱቆች ክስ አይፈልጉም፣ ጊዜ የላቸውም። ያን ጊዜ ጥበቃው «ቢያንስ ትምህርት ይሁነው» ብሎ የሚጨምረው ቅጣት ከየትም የመጣ ሥልጣን የለውም።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት አያት አካባቢ ሕንጻ ግንባታ ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ በጋቢና በአንዲት የከሰል ማንደጃ ነው። ሲነጋ ፌሮው ይቆጠራል። አብሮኝ የሚያድረው ሰውዬ ሲቆጠር ማየት አይችልም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆም ነበር። ቀን ሠራተኞቹ ማለዳ ሲገቡ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ካቆመ ቆይቷል፤ ሁሉም ፌሮ የሚወስዱበት ሰዎች ሆነውበት ነበር። ከእነርሱ አንዱ የእናቱ አገር ልጅ እንደነበር ያወቀው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ነው። የዚህ ሙያ ደስታው ሰው ማወቅ ነው። ሰሚት ላይ ኮንዶሚኒየም በር ላይ በቆምኩበት ጊዜ ከሰርቪስ የሚወርዱትን ልጆች በስማቸው አውቃቸው ነበር፤ የትኛዋ አያት ደረጃ እንደማይሆንላት፣ የማን ቤት ሐዘን እንዳለ፣ ማን ሌሊት አምሽቶ እንደሚገባ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ዕቃ ሲጠፋም ከካሜራው ቀድሞ ያውቃል። ደመወዙ በሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ጥበቃ ግን ሰውን ማወቅ ይፈራል።

አሁን እኔ በምደራደርበት ውል ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ፤ «ጥበቃ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት መሆኑ በሕግ ካልተረጋገጠ በቀር ለጠፋ ንብረት ከደመወዙ አይከፍልም።» በምትኩ የዕቃ ቆጠራው በየፈረቃው በጋራ እንዲሆንና ድርጅቱ ኢንሹራንስ እንዲገባ እጠይቃለሁ። አንድ የገርጂ ባለሱቅ «ታዲያ ለምን እቀጥራችኋለሁ?» ብሎኝ፣ በሦስተኛው ስብሰባ ፈረመ። ያቺን ክፍልም ለጥበቃዎቹ ልብስ መቀየሪያ አደረጋት። ሌላው ዓረፍተ ነገሯን በብዕር ሰርዞ ውሉን መለሰልኝ። ለሥራ አስኪያጃችን ሳልፈርምበት አስረክቤዋለሁ፤ እሱም እስካሁን አልፈረመበትም።