ወንበር ወይስ መጽሐፍ?

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ወንበር ነው። ስንት ሰው ይይዛል? እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ፈተና ሲቃረብማ ማልዶ ሄዶ ደብተር አስቀምጦ ቦታ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ወንበሩን ካገኘን በኋላ የምናነበው ምንድን ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛው ተማሪ ዘርግቶ የሚያነበው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ደብተርና ፎቶ ኮፒ ነው። መደርደሪያው ሳይነካ ይውላል። ይህን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማሳበብ አይገባም። አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ለማግኘት ቁጥር ጽፎ፣ ወረቀቱን በመስኮት አቀብሎ መጠበቅ ግድ በሆነበት ቤት፣ ሁለት ጊዜ «የለም» የተባለ ሰው ሦስተኛ አይጠይቅም። በቃ፣ ወደ ፎቶ ኮፒው ይመለሳል።

መጽሐፍን መጠበቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ብራናው በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ በሚሰርቀውና በሚፍቀውም ላይ ግዝት ይጻፍበታል። ያ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንኮራባቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት ባልደረሱን። ግን እኮ በዚያው ግቢ የኔታ ነበሩ! መጽሐፉ ቢቆለፍ እንኳ ቃሉ በደቀ መዝሙሩ አፍ ይወርዳል። ልብ ወለዳችን ግን የኔታ የለውም፤ ከተቆለፈ ተቆለፈ ነው።

በዚህ ክፉኛ የሚጎዳው ሂስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አንሥቶ በ1958 ዓ.ም. እስከ ወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። በመካከሉ የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ሐዲስ ዓለም» እና የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ይገኛሉ። ስንቶቻችን ከማስታወሻ ላይ ስማቸውን ከመሸምደድ አልፈን ገጻቸውን ገለጥን? መጽሐፉን ያላየ ሃያሲ የሌላውን ሰው ፍርድ ከመድገም ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል?

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉን ሕያው ያደረጉት ተደብቀው ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበሉት አንባቢዎች ናቸው። ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ መጽሐፍ የሚድነው ሲነበብ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታንም በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ የመጽሐፍ ተግባር አገልግሎት መስጠት መሆኑንና የአንባቢውም ጊዜ በከንቱ መባከን እንደሌለበት አስገንዝቧል።

ሀብቱ የለም እንዳይባል፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲሰበስብ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ሲከፈትም ለብዙ አንባቢ መቀመጫ ተገኝቷል። ስለዚህ አሁን ክርክሩ ወደ መጽሐፉ መዞር አለበት።

ምን ይደረግ? ከአንድ የአማርኛ ድርሰት ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ለጥበቃ፣ ሌላው ለውሰት። ከአዲሱ ገበያ እየተመላለሰ የሚማር ተማሪ በታክሲ ሰልፍ ግማሽ ቀኑን ያጣል፤ መጽሐፉን ተውሶ ማታ ቤቱ ቢያነብ እሱም ያተርፋል፣ ወንበሩም ለሌላው ይለቀቃል። መምህራንም የተጨመቀ ማስታወሻ ከማደል ይልቅ የመጻሕፍት ዝርዝር ቢሰጡንና መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን አስቀድመው ቢያረጋግጡ መልካም ነው። ድሮ በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ የወጡት ሂሶችም በርእስና በደራሲ ስም ይመዝገቡ፤ ለዚህ ሥራ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጉልበት አለን።

እኛም ብንሆን «የለም» የሚለውን መልስ ተቀብለን ዝም አንበል። ለምን እንደሌለ እንጠይቅ፤ የጠየቅነውንም መጽሐፍ ስሙን እየጻፍን እናቅርብ። ጠያቂ ያጣ መጽሐፍ አንድ ቀን በእውነት ይጠፋል።