አንድ ኮከብ በ32 ሳንቲም

የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1997 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ የመጀመሪያ ጥቁር ጄኔራል ለሆኑት ለብርጋዴር ጄኔራል ቤንጃሚን ዴቪስ አባትየው መታሰቢያ ቴምብር አወጣ። ዋጋው 32 ሳንቲም ነበር። የዚህን ክብር ልክ ለመመዘን ግን ከ60 ዓመት በፊት የታተመ ሌላ ቴምብር አጠገቡ ማስቀመጥ ያሻል።

በ1937 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጀግኖች ከወጡት ተከታታይ ቴምብሮች መካከል ባለ 4 ሳንቲሙ ግራጫ ነው። ሮበርት ሊና «ስቶንዎል» ጃክሰን ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ሊ የተወለደበት የስትራትፎርድ ቤት ይታያል። ሁለቱ ጄኔራሎች ስማቸው የገነነው ባርነትን ለማቆየት በተገነጠለው ደቡብ ስር ተሰልፈው ያንኑ የአሜሪካ ጦር በመውጋታቸው ነው። ይህ ግን ያን ያህል አላነጋገረም። ከደቡብ የተነሣው ቅሬታ ሌላ ነበር፤ በሊ ኮሌታ ላይ ሦስት መሆን የሚገባው ኮከብ ሁለት ብቻ ሆኖ ታየ፣ ማዕረጉ ተቀነሰ የሚል። ባለ 3 ሳንቲሙ ደግሞ የባሰ አስቆጣ። የሰሜኑን ጄኔራሎች ግራንትንና ሸሪዳንን ከሸርማን ጋር ይዟል፤ የተራ ደብዳቤ ዋጋ ደግሞ 3 ሳንቲም ነበር። እናም የጆርጂያ ሰው ለዘመዱ ሊጽፍ ሲል አገሩን እያቃጠለ ያለፈውን ሸርማንን በምላሱ አርጥቦ መለጠፍ ሊገጥመው ይችል ነበር። በቴምብር ጉዳይ ዋጋም ትርጉም አለው።

ኮከብ ሲቆጠር ዴቪስ የት ነበሩ? በ1899 በ9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ተራ ወታደር ሆነው ገቡ፤ በ1901 ፈተና አልፈው መኮንን ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው የአገልግሎት ታሪካቸው በአብዛኛው የመገለል ታሪክ ነው። ነጭ ወታደር በጥቁር መኮንን እንዳይታዘዝ ሲባል አንዴ በላይቤሪያ ወታደራዊ አታሼ፣ አንዴ በዊልበርፎርስና በቱስኪጊ የወታደራዊ ትምህርት መምህር እየተደረጉ ተዘዋወሩ። በ1930 ኮሎኔል ከሆኑ በኋላም ያው ነበር።

የብርጋዴር ጄኔራልነቱ ኮከብ የመጣው በጥቅምት 1940፣ ምርጫ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት ነው። ሹመቱን የሰጡት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ናቸው፤ የጥቁሩ መራጭ ቅሬታ አሳስቧቸዋል። እኚሁ ሰው ቴምብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ በዘመናቸው በሚታተሙት ንድፎችም እጃቸውን ያስገቡ ነበር። ሊን በቴምብር ያከበረውም ለዴቪስ ማዕረግ የሰጠውም አንድ መንግሥት መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ ሁለቱም የድምፅ ስሌት አለባቸው።

በጦርነቱ ጊዜ ዴቪስ በዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ሆነው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር እየዞሩ የጥቁር ወታደሮችን አቤቱታ መረመሩ። በ1944 መጨረሻ በአርደን ውጊያ እግረኛ ሲመናመን፣ እሳቸው ሲወተውቱበት የነበረው የተቀላቀለ ሠራዊት በከፊል ተሞከረ፤ ፈቃደኛ ጥቁሮች በራሳቸው መቶ ተደራጅተው በነጭ ሻምበሎች ስር ተዋጉ። በሐምሌ 1948 ከ50 ዓመት ያህል አገልግሎት በኋላ በፕሬዚዳንት ትሩማን ፊት በክብር ተሰናበቱ። በስድስተኛው ቀን ትሩማን በጦሩ ውስጥ የእኩልነት ትእዛዝ ፈረሙ። ዴቪስ ግን ጄኔራል ሆነው አንድም ቀን በጦር ሜዳ ክፍል አላዘዙም።

ቴምብር ይህን መሸከም አይችልም፤ ስምና መልክ እንጂ መከልከልን አይሥልም። በዚህ አልወቅሰውም። ወቀሳዬ ሌላ ነው፤ ዴቪስ የተቀመጡት በ1978 በሃሪየት ተብማን በተጀመረው «የጥቁሮች ቅርስ» ተከታታይ ውስጥ ነው። ተከታታዩ ባይኖር ቴምብሩም ላይወጣ ይችል ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ዋጋው የዘመኑ የተራ ደብዳቤ ዋጋ በመሆኑም በየቤቱ ገብቷል። ነገር ግን 50 ዓመት ያህል ያገለገለው ጄኔራል በዘሩ መዝገብ ሲገባ፣ ያንን ጦር የወጋው ሊ «የጦር ሠራዊት» በሚለው ስር ነው የገባው። ለእሱ «የደቡብ ቅርስ» የሚል ተከታታይ የከፈተለት አልነበረም።