ልጁ እንዴት ዋለ? ስለ ሕፃናት ተንከባካቢዎች ቅጥር ቃላት የቀረበ ሂስ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂ፣ በጃክሮስ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት በኩል የሚያልፍ ሰው በየአጥሩና በየምሰሶው ላይ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ደጋግሞ ያነባል። አንደኛው «ሕፃናት ማቆያ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሞግዚት እንፈልጋለን» ወይም «ሞግዚት እናቀርባለን» የሚል ነው። ከእነዚህ ማስታወቂያዎች በስተጀርባ ዘወትር አንድ ጉባኤ አለ፤ ቀጣሪና አመልካች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ በተለምዶ «ቃለ መጠይቅ» የምንለው ጉባኤ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዚያ ጉባኤ የሚነገሩትን ቃላት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሥራው የተሰየመበት ቃል የሚጠየቀውን ጥያቄ ይወስናል፤ ጥያቄውም የሚቀጠረውን ሰው ይወስናል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ለመረዳት አንድ ድንጋጌ ማስታወስ ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ስለዚህ በፈረቃ የምትሠራ እናት ሕፃኗ በተወለደ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ለሌላ ሰው አስረክባ ወደ ሥራዋ መመለስ ይኖርባታል። ያ ሕፃን አፉን አልፈታም። ቀን የሆነውን ማታ ሊናገር አይችልም። እርሱ ቃል ስለሌለው አመልካቿ በቃለ መጠይቁ የምትሰጠው ቃል ከሌላው ሥራ ሁሉ የበለጠ መመርመር አለበት።

አስቀድመን «ማቆያ»ን እንይ። ግሱ «ቆየ» ነው፤ አድራጊው «አቆየ» ይላል። ሰው በፈቃዱ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ክፍል «መቆያ» ሲባል፣ ሌላው አስቀምጦት የሚሄደው ነገር የሚኖርበት ቦታ «ማቆያ» ይባላል። መንገደኛው በመቆያ ይቀመጣል፤ ሻንጣው በዕቃ ማቆያ ይቀመጣል። በአንዲት ፊደል ልዩነት ባለፈቃዱና ፈቃድ የሌለው ተለይተዋል። ከዚህም በላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት ወደ ቦሌ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀናት ተለይተው እንዲቀመጡ በታዘዘ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ስያሜ በሕዝቡ አንደበት ገባ። ቃሉ የማገድና የማስቀመጥ ጥላ እንዳለበት ያን ጊዜ ሁሉም ተረዳው።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ሥፍራ እንዲያዘጋጁ ባዘዘ ጊዜ፣ ማጥባትና መንከባከብ ዋነኞቹ ግሦች ነበሩ። በየበሩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ግን ያው «ሕፃናት ማቆያ» ሆነ። ስያሜው ማስቀመጥን ስለሚናገር የሚከተለው ጥያቄም ስለ ማስቀመጥ ይሆናል። አመልካቿ ስንት ሕፃናት ባንድ ጊዜ መያዝ እንደምትችል፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምታመሽ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋ ትጠየቃለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ምን እንደምትለው የሚጠይቃት የለም።

ቋንቋችን ግን የተሻለ ቃል አላጣም። ከፍ ላሉት ልጆች የምንጠቀምበት «መዋዕለ ሕፃናት» የመጣው ከግእዙ «ውዕለ» ነው፤ በአማርኛ «ዋለ» የምንለው መሆኑ ነው። ቀኑን ማሳለፍን፣ ቀኑን በሥራና በጨዋታ መሙላትን ያመለክታል። እናት ማታ ከበሩ ስትደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጄ እንዴት ዋለ?» የሚል ነው። «እንዴት ቆየ?» የምትል እናት አልሰማንም። የእናቲቱ ግስና የማስታወቂያው ግስ ተለያይተዋል ማለት ነው፤ ትክክለኛው የእናቲቱ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሞግዚት» ነው። ይህ ቃል ከታላቅ ማዕረግ የወረደ ነው። በ1901 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሲባሉ ቃሉ የመንግሥት አደራ ተሸክሞ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በኋላም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቃሉን በሕግ ፍች አጽንተውታል። «አሳዳሪ» የሕፃኑን አካልና አስተዳደግ የሚመለከት ሲሆን፣ «ሞግዚት» ሕፃኑን በንብረትና በሕግ ጉዳይ የሚወክል ነው። በአዲስ አበባ የዕለት ንግግር ደግሞ ሞግዚት በደመወዝ ተቀጥራ ልጅ የምትይዝ ሴት ናት። አንድ ቃል ሦስት ወንበር ይዟል።

ለተርጓሚዎች አደጋው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች «ሞግዚታችን ከልጃችን ጋር ትጓዛለች» ብለው የጻፉትን ወረቀት ተርጓሚው በሕጉ ፍች ቢመልሰው፣ ቅጥረኛዋ በባዕድ አገር የሕፃኑ ሕጋዊ ወኪል መስላ ትቀርባለች። በተቃራኒው የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ በዕለት ንግግሩ ፍች ቢተረጎም የሕፃኑ ወኪል እንደ ተራ ቅጥረኛ ይታይና ከድንበር ይመለሳል። በቦሌ የጉዞ ሰነድ መመርመሪያ መስኮት ፊት እንዲህ ያለው ስሕተት የአንድ ቃል ስሕተት ሆኖ አይቀርም።

ይኸው አውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ቅጥርም በር ነው። ብዙ እኅቶቻችን ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱት ከዚህ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞው ታግዶ በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሥቷል፤ በመካከሉም አዋጅ ቁጥር 923/2008 የስምንተኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን እንደ መስፈርት አስቀምጦ ነበር። በአማርኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ሥራው ባመዛኙ «የቤት ሠራተኛ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላል። ዓረብኛ ግን የቤት ሠራተኛዋን «ዓሚላ መንዚሊያ»፣ ልጅ አሳዳጊዋን «ሙረቢያ» ብሎ ይለያል። ልዩነቱ በአማርኛው ውል ካልታየ አንዲት ሴት ለማጽዳት ተቀጥራ ልጆችን ጭምር እንድታሳድግ ትደረጋለች፤ ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ይሆናል። ትርጉሙ የቀረውን ያህል ደመወዙም ይቀራል።

ወደ ቃለ መጠይቁ ራሱ እንግባ። «ጠየቀ» በግእዝ እንደ ዛሬው አማርኛ ጥያቄ ማቅረብ ብቻ አልነበረም። መመርመርን፣ አጣርቶ መረዳትን፣ ማረጋገጥን ይል ነበር፤ «ጥዩቅ» ማለትም የተረጋገጠ፣ እርግጠኛ ማለት ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ በሥርወ ቃሉ ሲፈታ በቃል አማካይነት ማረጋገጥ ነው። በሥራ ላይ የምናየው ግን ጥያቄው ቀርቶ ማረጋገጡ የሌለበት ነው።

በቤት ቅጥር ደላላው አመልካቿን ያመጣል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተያዥ አለሽ ወይ?» የሚል ነው። ተያዥ ከ«ያዘ» የመጣ ነው፤ ሌላው ባጠፋ በእርሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው ነው። ጥያቄው ተገቢ አይደለም አንልም፤ ሰው ቤቱን ለማያውቀው አይከፍትም። ነገር ግን ተያዥ የሚያስፈልገው ወርቅ ቢጠፋ ነው። ልጅ ቢመታ፣ ቢራብ፣ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ፊት ቢቀመጥ ተያዡ ምን ይይዛል? ከተያዥ ቀጥሎ አገሯ፣ ሃይማኖቷና የምትፈልገው ደመወዝ ይጠየቃል። ከዚያ ቅጥሩ አለቀ። ልጁ የጉባኤው ምክንያት ሳለ በጉባኤው ስሙ አልተነሣም።

በማቆያዎችና በመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቅጽ ይሠራበታል። «ጠንካራና ደካማ ጎንሽን ተናገሪ» የሚለው ጥያቄ ራሱን ማመስገንን እንደ ነውር ለሚቆጥር ሰው የቀረበ ነው። በጨዋነት ያደገችው አመልካች አንገቷን ደፍታ «ያው፣ የታዘዝሁትን እሠራለሁ» ትላለች፤ ቅጹ ላይ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ተብሎ ይጻፋል። «ሴፍጋርዲንግ» የሚባለው የሕፃናት ደኅንነት ጽንሰ ሐሳብ «ጥበቃ» ተብሎ ሲተረጎም አመልካቿ የዘበኛውን ሥራ ታስባለች፤ «በሩ ሁልጊዜ ይቆለፋል» ብላ ትመልሳለች። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የተርጓሚው ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለመምህርነት የሚቀርበው ቅጽ «እርስዎ» ሲል ለተንከባካቢነት የሚቀርበው «አንቺ» ይላል። ሃምሳ ዓመት የሞላቸውና አምስት ልጆች ያሳደጉ እናት በዚያ ቅጽ «አንቺ» ተብለው ይጠየቃሉ፤ እርሳቸው ግን ልጃቸው የምትሆነውን ቀጣሪ «እትዬ» እያሉ ይመልሳሉ። እንዲህ በተዛነፈ ንግግር እውነተኛ መልስ አይገኝም። የተናቀ ሰው ቀጣሪው መስማት የሚፈልገውን ብቻ ይናገራልና።

የምንመክረው ጥያቄ በስም ሳይሆን በግስ የተሠራ፣ በአክብሮትም የሚቀርብ ነው። «ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ መሬት ላይ ተንፈራፍሮ ቢያለቅስ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ከዚያስ?»፣ «ሲበላ ምግብ ቢያንቀው ምን ያደርጋሉ?»፣ «ሌላ ሠራተኛ ልጅ ስትመታ ቢያዩ ለማን ይነግራሉ?»፣ «ጥፋቱ የእርስዎ ቢሆን ማታ ለእናቱ እንዴት ይነግሯታል?» የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይበልጣል፤ አፉን ያልፈታ ልጅ ምስክሩ እርሷ ብቻ ናትና። ማባበል፣ ማዘል፣ ማጉረስ፣ ማጫወት የሚሉት ግሦች ለማንም አመልካች ግልጽ ናቸው፤ ትርጉም አይሹም።

በእነዚህ አስተያየቶች ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። «ቋንቋ የተናጋሪው ነው፤ ማቆያም ሞግዚትም በሕዝቡ አፍ ጸንተዋል፤ አካዳሚ በገበያ ላይ አዋጅ አይነግርም» ይባላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። «ማቆያ» አጭርና ግልጽ ቃል ነው፤ እናቲቱም ከሥራ እስክትመለስ ልጇ በደኅና እንዲቆይላት መፈለጓ ሐሰት አይደለም። «ሞግዚት» የሚለውንም ከቤተሰቡ አንደበት እንንጠቅ አንልም። ይሁን እንጂ የውል፣ የቅጽና የትርጉም ቋንቋ ከገበያው ቋንቋ ይልቅ የጠራ መሆን አለበት። የመንገዱ ማስታወቂያ ቢሳሳት አላፊው ይስቃል፤ ውሉ ቢሳሳት ግን አንድ ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ ለአንባብያን ውይይት የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት ላልደረሱ ልጆች የሚዘጋጀው ሥፍራ በሰነድ ውስጥ «ሕፃናት መዋያ» ቢባል ከ«መዋዕለ ሕፃናት» ጋር በሥርም በአሳብም ይዛመዳል። ሁለተኛ፣ በሕግ ሰነድና በትርጉም «ሞግዚት» ለሕጉ ፍች ብቻ ተጠብቆ፣ በደመወዝ የምትቀጠረው «የሕፃናት ተንከባካቢ» ትባል። ሦስተኛ፣ ከቃለ መጠይቁ ቀጥሎ አመልካቿ እናቲቱ ወይም ኀላፊዋ ባለችበት ከልጁ ጋር የምታሳልፈው ቀን «የውሎ ምልከታ» የሚል ስም ይሰጠው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ግን ከአዋጁ ውጭ ስለሆነ፣ በቤት የምትቀጠረው ተንከባካቢ ምልከታውን በውል ካልሆነ በቀር በሕግ አታገኘውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ በውል አይገባም።

ሦስቱም ሐሳቦች የተመሠረቱት በአንድ ግስ ላይ ነው፤ እርሱም እናቲቱ ማታ ማታ በበሩ ላይ የምትናገረው ነው። ቃለ መጠይቁ ጠዋት በዚያ ጥያቄ ቢጀመር፣ ማታ የምትሰማው መልስ እውነተኛ የመሆኑ ተስፋ ይበልጥ ነበር።